የሰረዙትን የሚጽፍ ማሽን

ዝምተኛ ሴት ነኝ። ለመመካት አይደለም፤ ቦንጋ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። ለቅሶ ቤት ገብቼ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካልኩ በኋላ እስክነሳ ድረስ ሌላ ቃል አይወጣኝም። ሰርግ ቤትም ያው ነው፤ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብዬ እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ የሰንበቴ ማኅበራችን ሰብሳቢ እንድሆን ሲመርጡኝ አንገቴን ነቀነቅኩ። እኔ እንቢ ማለቴ ነበር፤ እነሱ እሺታ አድርገው ወሰዱት። ይኸው እስከ ዛሬ ሰብሳቢ ነኝ።

ስለዚህ ልጄ ቤዛ «እማ፣ ቅዳሜ ሰዎች ሲመጡ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» ስትለኝ በሆዴ ሳቅኩ። ላምን በጾም ሥጋ እንዳትበላ እንደ መገዘት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤዛ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታጠናለች፤ ዘንድሮ ተመራቂ ናት። ለመመረቂያዋ የሠራችው አንድ ፕሮግራም አለ። ሺሺንዳ መጋዘን ያለው የማርና የኮረሪማ አምራቾች ማኅበር ከገበሬው የሚረከበውን ሁሉ በወረቀት ነው የሚመዘግበው። ወረቀቱን ደግሞ አንዳንዴ ዝናብ፣ አንዳንዴ አይጥ ይረከበዋል። ቤዛ ይህ በኮምፒውተር እንዲሆን አደረገች። የገበሬው ስም፣ ቀበሌው፣ የማሩ ዓይነት፣ ኪሎው፤ ከዚያ «መዝግብ» የሚል ቁልፍ። እኔ ላይ ስትሞክረው ስለከረመች እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ ይዤዋለሁ።

መምህሯ ግን ሥራውን አንድ ጊዜ መልሶባታል። ፕሮግራሙ አይሠራም ብሎ አይደለም። የክፍል ጓደኞቿን አስሞክራ ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው» ስላሏት ነው።

«ጥሩ ነው ያሉሽ ስለሚወዱሽ ነው» አላት በስልክ፣ እኔም አጠገቧ ሆኜ እየሰማሁ። «ሰው የማይቸገርበት ፕሮግራም እስካሁን አላየሁም። የት ላይ እንደሚቸገሩ አሳዪኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ካላመጣሽ ለዘንድሮ አትደርሺም።»

«ለዘንድሮ አትደርሺም» የሚለው ነገር እንደ እንግዳ ቤታችን ገብቶ ተቀመጠ። አባቷ ቢታ ገነት ከተማ ነው የሚያስተምረው፤ ለምርቃቷ የሚለብሰውን ኮት ከወዲሁ አሰፍቷል። እኔም የተሳልኩት ስእለት አለብኝ። ልጅቷም እንቅልፍ አጣች።

መምህሩ የተናገረው እውነት እንደሆነ አላጣሁትም። እኛ አገር ክፉ ነገር በፊት ለፊት አይባልም። አንድ እሑድ ለሰንበቴ የሠራሁት ወጥ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ አድርጌበት ነበር። ማንም አልነገረኝም። «እጅሽ ይባረክ» እያሉ በሉ፤ «እጅሽ ይባረክ» እያሉ ውኃ ጠጡ። እንስራው ሲያልቅ እንኳ የጠረጠርኩት ሙቀቱን ነው። ቤት ገብቼ የተረፈውን ስቀምስ ነው ምርቃቱ ምን እንደነበር የገባኝ።

ቤዛ አስባ አስባ መላ አመጣች። ላፕቶፗ ላይ አንድ ነገር ጫነች። ሰው ሲሠራበት ስክሪኑን እንደ ፊልም ይቀዳል፤ የተነካውን እያንዳንዱን ቁልፍ ደግሞ ለብቻው ይጽፋል።

«ሰው በአፉ ጥሩ ነው ቢል እጁ አይዋሽም» አለችኝ። «የት ላይ እንደቆመ፣ የት እንደተሳሳተ ይታያል።»

«ሁሉንም ይጽፋል?»

«ሁሉንም።»

«ተሳስቶ የሰረዘውንስ?»

«እሱንም። መሰረዙንም ይጽፋል።»

ይህኛው ትንሽ አስደነገጠኝ። የሚመዘግብ አለ ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ነኝ፤ በዚህ አልደነግጥም። ግን ሰማይ ቤት ያለው መዝገብ ንስሐ ሲገቡ ይደመሰሳል። ይህ ማሽን ንስሐ አይቀበልም። «ሰረዘ» ብሎ ይጽፍና የተሰረዘውን ከነኃጢአቱ ያስቀምጠዋል።

«ሰዎቹ ያውቃሉ?» አልኳት።

«ነግሬያቸዋለሁ፤ ፈቅደዋል። ደግሞ የሚፈተነው ፕሮግራሙ ነው፣ እነሱ አይደሉም ብያቸዋለሁ።»

ይህንን ያመነ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰውን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠህ፣ እጁን እየቀዳህ፣ «አይዞህ፣ አንተ አይደለህም የምትፈተነው» ብትለው ጭራሽ ያልበዋል።

ሙከራው ማኅበሩ ቦንጋ ውስጥ ባለው ቢሮ ሊሆን ታስቦ ነበር። ቅዳሜ ግን ቢሮው ለስብሰባ ተያዘ። ስብሰባ የማይይዘው ክፍል ቦንጋ ውስጥ ገና አልተሠራም። ቤዛ ስልኩን ዘግታ ግድግዳ ግድግዳውን ስታይ ጊዜ፣ «በቃ እኛ ሳሎን ይሁን» አልኩ። በዚያ ሳምንት የተናገርኩት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው። ጣጣውም የመጣው ከእሱ ነው።

ለቤዛ ሳሎኑ የምርምር ክፍል ሆነ። ለእኔ ግን ያው ቤቴ ነው። ቤት ደግሞ ሕግ አለው፤ እንግዳ ብቻውን አይቀመጥም፤ አፉንም ሳያሟሽ አይወጣም።

«እኔ አጠገባቸው ከሆንኩ ይጨነቃሉ፤ ጓዳ እገባለሁ» አለች ቤዛ። «አንቺም ነይ፣ አብረን እንሁን።»

«እንግዳ ጥለን?»

አየችኝና ተስፋ ቆረጠች። «እሺ፣ ተቀመጪ። ግን እማ፣ አንዲት ቃል።»

ቅዳሜ ዝናቡ ገና በጠዋት ጀመረ። መጀመሪያ የመጡት ጋሽ አድማሱ ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ማኅበሩ ውስጥ ደግሞ የቁጥጥር ኮሚቴ። የዚህን ከተማ እኩሌታ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ጭምር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡና ስክሪኑን የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ አዩት። ቤዛ «አንድ ገበሬ ነጭ ማር ይዞ መጥቷል፤ ይመዝግቡት» ብላ ነግራቸው ጓዳ ገባች። እኔ ዳቦና ማር አቅርቤ በጎናቸው፣ ስክሪኑ በሚታየኝ በኩል ተቀመጥኩ።

ጋሽ አድማሱ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ፤ መልሰው አራቁ። ከዚያ በስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት እየነዱ ይዘዋት ሄዱ፤ ወዴት ቢሉ፣ በቀጥታ ወደ «ሰርዝ»። እሱን ቁልፍ አውቀዋለሁ። እሱ ከተነካ የተጻፈው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ጉሮሮዬን በላኝ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ሆን ብዬ አይደለም፤ ሳልኩ።

ጋሽ አድማሱ ቀስቷን መለሷት። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ቀስቷን ወደ ሌላ ቁልፍ ወሰዷት። እሱም ልክ አልነበረም። እንደገና ሳልኩ፤ ይኼኛው እንኳ ትንሽ ሆን ተብሎ ነው። የኖሩ አስተማሪ ናቸውና ትምህርቱ ወዲያው ገባቸው። ከዚያ በኋላ ቀስቷን አንድ ቁልፍ ላይ ያቆማሉ፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ ዘንበል ያደርጋሉ፣ ይጠብቃሉ። ከሳልኩ ይነሳሉ፤ ዝም ካልኩ ይጫናሉ። ሥራው እንደ ውኃ ወረደ። እኔም ቃል አልወጣኝም።

«ጉንፋን ይዞሻል?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጥሩ ጉንፋን ነው። እንዳትታከሚው።»

መጨረሻ ላይ አስተያየት የሚጻፍበት ሳጥን አለ። ረዘም አድርገው ጻፉ። ከዚያ አዩኝ። እኔ ፈገግ ብዬ የማሩን ሳህን ጠጋ አደረግኩላቸው። አንዷን ቁልፍ ተጭነው ቆዩ፤ ሌላ አጠር ያለ ነገር ጽፈው ተነሱ።

ቀጥላ የመጣችው ዘይነባ ናት። ከወሎ መጥታ እዚህ ወልዳ የከበደች ባለሱቅ ናት፤ ሱቋ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። ከማኅበሩ ማር እየገዛች ትቸረችራለች። እሷን በሳል መምራት አይቻልም። አንዴ ብሞክር፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ማር ጠጪበት» አለችኝ።

ሁለት እጇ ኪቦርዱ ላይ ነው፤ ጣቶቿ ይሮጣሉ። «እንዴ፣ ይኼስ?» ትላለች ለራሷ፤ «ኧረ በአላህ» ትላለች፤ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ እንደገና ትጽፋለች። እኔ የታየኝ ግን ያልተነካው ዳቦዋ ነው። ማር ቀባሁና ወደ አፏ አስጠጋሁት።

«የቤዛ እናት፣ እጄ ሥራ ላይ ነው።»

«ለዚያ ነው የማጎርስሽ።»

ጎረሰች። አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላል ይባላል፤ ደገምኳት።

«አላህ ይስጥሽ፤ አሁን በቃኝ።»

«ይቺን ብቻ።»

ይቺን ብቻ ያልኳት ናት ጉዱን ያመጣችው። ማሩ ከዳቦው ጫፍ ተንጠባጥቦ ኪቦርዱ ላይ ወረደ። ደንግጬ በነጠላዬ ጥለት ጠረግኩት፤ ስጠርገው አንዱ ፊደል ወደ ውስጥ ገብቶ እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ስክሪኑ ላይ «ልልልልልልልል» የሚል መጣ። አንድ መስመር ሞላ፤ ወደ ሁለተኛው ወረደ፤ አያቆምም።

ዘይነባ እጇን አንስታ ተመለከተችው። «እልል ይላል እንዴ? ማን ወለደ?»

ወስፌ አምጥቼ ፊደሉን ከሥሩ ቀስ ብዬ ሳነሳው ዝም አለ። ጓዳው በር በኩል የቤዛ ጥላ ተንቀሳቀሰ። ዘይነባ ለእኔ ብላ ሳቋን ዋጠች፤ አስተያየቷን ጻፈች፤ አየችኝ፤ አጠፋችው፤ ሌላ ጻፈች። «በይ ደህና ዋዪ። እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ድረስ አልበላም» ብላ ሄደች።

መጨረሻ የመጡት አቶ ገብሬ፣ የሺሺንዳው መጋዘን ጠባቂ ናቸው። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ከዋለ ቀን በቀን የሚሠሩበት እሳቸው ናቸው። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ከሚኒባሱ ወርደው በራፋችን ላይ ከጣሪያው በሚወርደው ውኃ ጫማቸውን አጥበው ነው የገቡት። እንደ እኔ ዝምተኛ ናቸው። ቤታቸው ካፊኖኖ ነው የሚናገሩት፤ አማርኛውን እንደ ማር ነው የሚመዝኑት፣ ሳይበዛ ሳያንስ።

በአንድ ጣታቸው፣ ፊደሉን ከያለበት እየለቀሙ፣ የአንዱን ገበሬ ስም ጻፉ፤ ኪሎውን ጻፉ፤ «መዝግብ» የሚለውን ተጫኑ። አንድም ጊዜ አላሳሉኝም። ያኔ ስክሪኑ ቀይ ሆኖ «እርግጠኛ ነዎት?» አላቸው።

አቶ ገብሬ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አዩኝ። እኔ ይህች ቀይ እንዳለች አውቃለሁ፤ ቤዛ ናት ያስገባቻት። ራሴን ነቅነቅ አደረግኩ። «አዎ» የሚለውን ተጫኑ። ሁለተኛውን ገበሬ ጻፉ። እንደገና ቀይ። «እርግጠኛ ነዎት?» ግንባራቸው ላይ ላብ አየሁ። ሞቋቸው ይሆናል ብዬ መስኮት ከፈትኩ።

ይህን ጊዜ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ። በዝናቡ ምክንያት ቤቱ ጨልሞ ስለነበር የሚታየው ያ ቀይ ብርሃንና የአቶ ገብሬ ፊት ብቻ ሆነ። ማሽኑ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ሳሎኔ ፖሊስ ጣቢያ መሰለኝ።

ማር አቀረብኩላቸው። «ጠግቤያለሁ፣ እትዬ» አሉ። የካፋ ሰው ማር እንቢ ሲል አንድ ነገር እንዳለ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ ግን የስእለት ጾም ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

አስተያየቱ ሳጥን ላይ ብዙ ቆዩ። ቀስ ብለው ጻፉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ፣ እንደ ጻፉት ቀስ ብለው አጠፉት። ሌላ ጻፉ። ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «በጣም ጥሩ ነው። እግዚአብሔር ይባርካት» አሉና ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

መብራት ሲመጣ ቤዛና እኔ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥን። አስተያየቶቹን ከፈተች። ጋሽ አድማሱ፣ «ግሩም ድንቅ ሥራ ነው።» ዘይነባ፣ «ማሻ አላህ፣ በጣም ቆንጆ ነው።» አቶ ገብሬ፣ «በጣም ጥሩ ነው።»

«ተመስገን» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ቤዛ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። «እማ፣ ጠፋሁ።»

አንድ ቤት ውስጥ ለአንድ ነገር አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጀርባዋን ደባበስኩ። ቆይታ ቀና አለችና የስክሪኑን ፊልም ከፈተች፤ የጋሽ አድማሱን። ቀስቷ አንድ ቁልፍ ላይ ሄዳ ትቆማለች፣ ትመለሳለች፤ ሌላው ላይ ሄዳ ትቆማለች፣ ትጠብቃለች።

«ምን ሆነው ነው? ለምንድን ነው የሚጠብቁት?» አለች።

ሳላስበው ሳልኩ።

ቤዛ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። «እማ።»

«ቃል አልተናገርኩም።»

«ሳልሽላቸው?»

«ትንሽ።»

ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው። «እዚህ ጋ?»

«እዚያ ሳልኩ።»

«እዚህስ?»

«እዚያማ በደንብ ነው የሳልኩት።»

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታለቅሳለች ብዬ ደነገጥኩ፤ ስትስቅ ነበር። ከዚያ ደግሞ እውነትም አለቀሰች። «ሦስት ሰው ነው ያገኘሁት፣ እማ። አንዱን በሳል፣ አንዷን በማር አበላሸሽብኝ» አለች።

የቀረው የቁልፎቹ መዝገብ ብቻ ነው። ያለ ተስፋ ከፈተችው። ፊደል ፊደሉን ወደ ታች የሚጽፍ ነገር ነው። መጀመሪያ ያየችው «ል» ነው። ከሥሩም «ል»። ገጹን ብታወርደው፣ ብታወርደው፣ «ል»።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማር ነው» አልኩ።

እሱን አልፋ ወደ ሌላው ሄደች። ድንገት ጣቷ ቆመ። ፊደሎቹን እየገጣጠመች ማንበብ ጀመረች። ጋሽ አድማሱ መጀመሪያ የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «ፊደሉ በጣም ትንሽ ነው፤ አይታየኝም። በሳል ነው የሠራሁት።» ከሥሩ «ሰረዘ፣ ሰረዘ፣ ሰረዘ» የሚል ወርዷል። ከዚያ ነው «ግሩም ድንቅ» የመጣው።

የዘይነባን ከፈተች። «አንድ ስህተት ላርም ወደ ኋላ ስመለስ የጻፍኩት ሁሉ ጠፋብኝ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጻፍኩ። እናትሽን ደግሞ ከዚህ ውሰጂልኝ፤ አፌ ሞልቶ ምን ልጻፍ።» ሰረዘ፣ ሰረዘ፣ ሰረዘ። «ማሻ አላህ።»

የአቶ ገብሬን ስታነብ ድምፅዋ ቀነሰ። «ኪሎ በጻፍኩ ቁጥር በቀይ እርግጠኛ ነህ ወይ ይለኛል። መጋዘን ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። ሌባ ተብዬ አላውቅም። ይህ ነገር ከመጣ ቁልፉን አስረክቤ እሄዳለሁ።»

የሰውየውን ላብ አስታወስኩ። እኔ መስኮት ከፈትኩላቸው።

«ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነበር እኮ» አለች ቤዛ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ይኸው፣ መምህርሽ የፈለገውን አገኘሽ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ሰርዘውታል። ይመዘገባል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ግን የሰረዙት እንዳይነበብ ብለው ነው። እንዴት አድርጌ እወስደዋለሁ?»

ምርቃቷ በዚህች ነገር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ይህን ማለቷ ልቤን ሞላው። ስላሳደግኳት አይደለም፤ የሰጠኝን አምላክ ነው ያመሰገንኩት። «እንግዲያው እንጠይቃቸው» አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ አድማሱን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አገኘናቸው።

«ጋሼ፣ ፊደሉ አንሶብዎት ነበር?» አለቻቸው ቤዛ።

«ማን አለ?»

«ማሽኑ።»

ግራ ቀኙን አዩ። «ሰርዤው የለም እንዴ?»

«መሰረዝዎንም ጽፎታል።»

ጺማቸውን እያሻሹ ትንሽ አሰቡ። «ይህን ማሽን ተማሪዎቼን ስፈትን በነበረበት ዘመን የት ነበር?» አሉ። ከዚያ ወደ ቤዛ ጠጋ ብለው፣ «ተጠቀሚበት። ግን ‹ዓይናቸው ደክሟል› እንዳትዪ። ፊደሉ ትንሽ ነው በዪ» አሏት።

ዘይነባ ሱቋ ውስጥ ሚዛኑን ተደግፋ እስክትጠግብ ሳቀች። «ስለ አንቺ የጻፍኩትንም አነበብሽው?»

«አነበብኩት» አልኩ።

«እሱን በትልቅ ፊደል ይጻፍልኝ። ጋሽ አድማሱም ያንብቡት።»

አቶ ገብሬ ግን ስልክ ላይ «ምንም ችግር የለም፤ ጥሩ ነው» ከማለት ሌላ ምንም አልወጣቸው አለ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን ሺሺንዳ ሄድን። መንገድ ላይ ጸለይኩ። ቤዛ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፋ መስኮቱን ታያለች። ይህች ቀን ከባከነች ሌላ የለም።

መጋዘኑ የማርና የኮረሪማ ሽታ ያውዳል። አቶ ገብሬ ሲያዩን ሁለት ዱካ መቀመጫ አወጡና በመዳፋቸው ጠራረጉልን። እኔ መናገር ፈልጌ ነበር፤ ቤዛ ቀደመችኝ።

«አቶ ገብሬ፣ የሰረዙትን አይቼዋለሁ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ያቺን ቀይ ያስገባኋት እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም። እኔ ራሴ ስጽፍ ስለምሳሳት ነው። ከፈቀዱልኝ እዚሁ በሥራዎ ቦታ እንደገና ይሞክሩትና የሚያስቸግርዎትን ሁሉ ይንገሩኝ።»

አቶ ገብሬ መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «አይ፣ ምንም አይልም። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ…»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ እናትየዋ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ቤቴ ያስተናገድኳቸው፣ አገር አቋርጬ የመጣሁ ሴትዮ እዚያ ዱካ ላይ እስካለሁ ድረስ ከእኚህ ሰው አፍ እውነት አይወጣም። ዝም ብዬ ብቀመጥም ያው ነው። እኔ ዝም ስል ነው ለካ ሰው የሚጨነቀው።

«ውጭ ልጠብቅ» ብዬ ተነሳሁ።

ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር፣ ጎደሬ የምትሸጥ አንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ የአቶ ገብሬ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ። «ይቺ ቀይ…» አለ። ቆይቶ ከፍ አለ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ገበሬው ዝናብ እየመታው ቆሞ እኔ ቀበሌ ስፈልግ ልዋል?»

«እሺ፤ ሌላስ?» ትላለች ቤዛ።

«ሌላማ ሞልቷል።»

ከዚያ በካፊኖኖ ቀጠሉ። ሰው ከልቡ ሲናደድ የእናቱን ቋንቋ ነው የሚያነሳው። ቤዛም በዚያው ትመልስላቸዋለች። ጠረጴዛ የተመታ መሰለኝ። እኔ ለእያንዳንዷ «ተመስገን» አልኩ።

ጎደሬ ሻጯ አላስቻላትም። «እትዬ፣ ውስጥ ጠብ ነው?»

«ልጄን እየተቆጧት ነው።»

«ውይ። ምን አጠፋች?»

«ብዙ ነገር። ተመስገን።»

ሴትየዋ ቅርጫቷን ከእኔ ትንሽ ራቅ አደረገች።

ዝናቡ አባርቶ እንደገና ሲጀምር ቤዛ ወጣች። ፀጉሯ ተበታትኗል፤ ፊቷ ግን ከሳምንት በፊት የማውቀው ፊት ሆኗል። «መምህሬ ጋ ደወልኩ፣ እማ። የሦስቱንም ነገርኩት። ‹አሁን ገና የሚቸገሩበትን አሳየሽኝ፤ ይህንኑ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ለዘንድሮ ትደርሻለሽ› አለኝ።»

እኔ ጎንበስ ብዬ መሬቱን ሳምኩ።

አቶ ገብሬ በሩን ቆልፈው ወደ እኔ መጡ። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፤ ግን እንደ ቅዳሜው አይደለም፣ እንጨት ሲፈልጥ እንደዋለ ሰው ነው። እጄን ለመጨበጥ ተዘጋጀሁ፤ «በጣም ጥሩ ነው» የሚለውንም ለመቀበል።

«እትዬ፣ ልጅዎ ገና ብዙ ይቀራታል» አሉኝ ዓይኔን እያዩ።

«እሺ።»

«ያቺን ቀይ እዚሁ አውጥታልኛለች። ሌላው ገና ነው። ከተመረቀች በኋላም መምጣት አለባት፤ ነግሬያታለሁ።»

«ትመጣለች።»

ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ትንሽ አመነቱ። ሊሰርዙት ነው ብዬ ፈራሁ። አልሰረዙትም።

«እርስዎ ግን ይቅሩ።»

በሕይወቴ ብዙ ምርቃት ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እንደዚህኛው ግን አንጀቴን ያራሰው የለም። «እሺ» አልኩና ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ለቤዛ በመስኮቱ በኩል ቦታ ያዝኩላት።